የጠፋችው ቁጥር ሁለት

ይህ የሆነው ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ነው። እሑድ አገር ልለቅ ነበር።

ያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ ደንበኛ ከገባ ሁለተኛው ደጅ የሚቆምባት የሞባይል መጠገኛ ቤት ነበረችኝ። ሥራውን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። እሱ ባሕር ዳር ሥራ ሲያገኝ መበየጃውንና መፍቻዎቹን ትቶልኝ ሄደ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ችግሩ ሰዉ አላመነኝም። የተሰበረ ስልክ ይዘው ይመጡና አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስግገው «ሠሪው የት ሄዶ ነው?» ይሉኛል። «እኔ ነኝ» ስላቸው «እሽ፣ ሲመጣ እንመለሳለን» ብለው የሚሄዱት ብዙ ነበሩ። አንድ ዓመት ቻልሁት። በሁለተኛው ዓመት ፓስፖርት አወጣሁ። ቤሩት ያለች የአክስቴ ልጅ የምሠራበት ቤት አገኘችልኝ፤ ጉዳዩን የያዘው ደላላም እሑድ አዲስ አበባ እንድደርስ ነገረኝ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ዕቃዬን በካርቶን እየከተትሁ ሳለ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ። ረጅም፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ግራጫ ኮት የለበሱ ሰው ናቸው። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው በነጭ መሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ቀኝ እግራቸው ይጎተታል። ወደ ውስጥ ሲመለከቱ ጭንቅላታቸውን ቀስ እያደረጉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራሉ፤ በቧንቧ ውስጥ አጮልቆ የሚያይ ሰው ይመስላሉ።

«ጠጋኟ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። «አዎ አባባ፣ አትክልት እባላለሁ፣ ይግቡ» ብዬ በርጩማውን ሳብሁላቸው።

ተቀምጠው መሐረቡን ፈቱ። ውስጡ ያለው ጥቁር የሒሳብ ማስሊያ ነው። ርዝመቱ የዛሬ ስልክ ያህላል፤ ውፍረቱ ግን ሦስት ስልክ ቢደራረብ ነው። ከቁጥሮቹ ሌላ አጠር አጠር ያሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፉባቸው ቁልፎች አሉት። የሱቅ ማስሊያ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

«ይህ ምን ያሰላል?»

«ነፋስ» አሉና ፈገግ አሉ። «የበረራ ማስሊያ ነው። እኔ ዓለማየሁ እባላለሁ፤ አሁን ቡሬ ነው የምኖር። በጎልማሳነቴ ትንሽ አውሮፕላን አበር ነበር፤ ተምች ሲነሣ በእህል ላይ መድኃኒት የምትረጭ።»

ጋሽ ዓለማየሁ ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። እኔም ካርቶኑን ትቼ ቁጭ አልሁ። አውሮፕላን በአየር ላይ ወንዝ ውስጥ እንዳለች ጀልባ መሆኗን ነገሩኝ። ቀጥ ብላችሁ ትቀዝፋላችሁ፣ ውኃው ግን ወደ ጎን ይዟችሁ ይሄዳል። ስለዚህ አብራሪ ከመነሣቱ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚፈጥን ይጠይቃል፤ አፍንጫዋን በስንት ዲግሪ ማዞር እንዳለበትም ያሰላል። እሳቸው ሲማሩ ይህን የሚሠሩት በእጅ በሚሽከረከር ክብ ማስሊያ ነበር። ሁለት ክብ ዝርግ ብረት ነው፤ ላዩ ላይ በእርሳስ ነጥብ ያደርጉና ያዞሩታል።

«ከዚያ ይህች መጣች» አሉ ማስሊያዋን በጣታቸው እየነኩ። «ከውጭ የመጣ አስተማሪ ነው ያሳየን። ቁጥሮቹን ስትነግሪያት በቀይ መብራት መልሱን ትጽፋለች። የዚያን ቀን ሁላችንም እንደ ልጅ ከበብናት። ሽማግሌዎቹ አብራሪዎች ግን አልወደዷትም። ባትሪዋ ቶሎ ያልቅ ነበር። ፀሐይ ላይ ደግሞ ቀዩ ቁጥር አይታይም፤ በእጅሽ ጥላ ሠርተሽ ነው የምታነቢው። ‹ክቡ ብረት ባትሪ አይጠይቀኝም› ይሉ ነበር። እኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ሳቅሁባቸው።»

«አሁን ለምን ፈለጓት?»

ከኮታቸው ኪስ ትንሽ የደብተር ቅጠል አወጡ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች አሉበት።

ታሪኩ ይህ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ይሆነዋል፣ በሰኔ ወር፣ ቡሬ አጠገብ ለጊዜው ወደ ተጠረገ ሜዳ ለመሄድ ብቻቸውን ከባሕር ዳር ተነሡ። ሰማዩ ደመና ነው። ከደመናው በላይ ሆነው ማስሊያዋ የነገረቻቸውን አቅጣጫ ይዘው ግማሽ ሰዓት በረሩ። ቡሬ ደርሻለሁ ብለው በደመናው ቀዳዳ ሲወርዱ ግን ከሥራቸው የጠበቁት ሜዳ የለም፤ ኮረብታና ዝናብ ነው። ሸለቆ ሸለቆውን ሄደው አንድ የግጦሽ መስክ ላይ አረፉ። ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገባና አውሮፕላኗ ተገለበጠች።

«ከዚያ በኋላ የማውቀው ቁርጥራጭ ነው» አሉኝ። «አንዲት ልጅ ነበረች። ነጠላዋን ቀድዳ እግሬን አሰረችልኝ። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመውኝ ሲሄዱ ዝናብ ፊቴ ላይ እንዳይወርድ የጌሾ ቅጠል ይሁን የምን እንጃ፣ ቅጠል ከልላልኝ አብራ ትሮጥ ነበር። ረጅም መንገድ ነው። በመጨረሻ የጭነት መኪና ላይ ሲጭኑኝ ራሴን ስቼ ነበር። የነቃሁት ሆስፒታል ነው። የጫነኝ ነጂ አድርሶኝ ሄዷል። የምሠራበት መሥሪያ ቤት አውሮፕላኗን ቡሬ ዙሪያ አስፈልጎ አጣት፤ ጊዜውም የግርግር ጊዜ ነበር፣ ተተወ። እኔም በዚህ እግር ዳግመኛ አላበረርሁም።»

«ሰዎቹን አልፈለጓቸውም?»

«ሁለት ጊዜ ፈለግሁ። ከቡሬ እስከ ሰከላ፣ እስከ ግሽ ዓባይ ድረስ በየቀበሌው ጠይቄያለሁ። አውሮፕላን ወረደ የሚል ሰው አላገኘሁም። አሁን ደግሞ ዓይኔን ግፊት ይዞኛል። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ምናልባት አንድ ዓመት ታያለህ አለኝ። ስለዚህ ይህች ማሽን ያን ቀን የነገረችኝን ትድገምልኝ። ደብተሩ ላይ ተሳስቼ የጻፍሁት ቁጥር ካለ ልወቅ። ባሕር ዳር ወስጃት ነበር፤ ሳቁብኝና መለሱኝ።»

እሑድ እንደምሄድ ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ፤ ግን አልነገርኋቸውም። «ነገ ጠዋት ይምጡ» አልኋቸው።

የኋላ ክዳኗን ስከፍት በውስጧ ሦስት አሮጌ ድብልብል ባትሪዎች ነበሩ። ፈንድተው አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ሆነዋል፤ ዱቄቱም የብረት ምላሶቿን በልቷቸዋል። ባትሪዎቹን አወጣሁ። ምላሶቹን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግሁ፤ የተበላውን ሽቦ በአዲስ ቀየርሁ። ሦስቱ ባትሪዎች አንድ ላይ የሚሰጡት ኃይል አንድ የሞባይል ባትሪ ከሚሰጠው ጋር እኩል ሊሆን ምንም አይቀረውም። ይህን ሳውቅ ብቻዬን ሳቅሁ። ከሳጥኔ አንድ ያገለገለ የስልክ ባትሪ መርጬ በሽቦ አያያዝሁላትና ማብሪያዋን ገፋሁ።

አንዲት ቀይ ዜሮ በራች። ትንሽ ናት፣ የጤፍ ፍሬ ባታህል ነው። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ስልክ ሲበራ በቀን አሥሬ አያለሁ፤ እንዲህ ሆኜ ግን አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ዓለማየሁ መጡ። ያደሩት ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት ነው። በደንብ እንዲያዩ ብዬ በርጩማውን ወደ በሩ አወጣሁት፤ ፀሐዩ ደማቅ ነበር። ቁልፎቹን መለየት ስላቃታቸው እሳቸው እየነገሩኝ እኔ እጫን ጀመር።

«መስመራችን መቶ ዘጠና አምስት። ነፋሱ ከሁለት መቶ ሰባ። ፍጥነቱ ዐሥራ ስምንት። የእኛ ፍጥነት መቶ።»

አቅጣጫ በቁጥር እንደሚጠራ ነግረውኛል። ሰሜን ዜሮ፣ ምሥራቅ ዘጠና፣ ደቡብ መቶ ሰማንያ፣ ምዕራብ ሁለት መቶ ሰባ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ነፋሱ ከምዕራብ ይመጣ ነበር ማለት ነው። የመጨረሻዋን ቁልፍ ተጫንሁና በመዳፌ ጥላ ሠርቼ መልሱን አነበብሁ።

«መቶ ሰማንያ ሰባት ትላለች።»

ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቀስ ብለው አነበቡ። «መቶ ሰማንያ ሰባት። ያው ነው።» ማስሊያዋን ከእጄ ተቀብለው በመዳፋቸው ያዟት። «እንግዲህ በትክክል ነው የጻፍሁት። ነፋሱ መሐል ላይ ዞሮብኝ ይሆናል። ነፋስ ይዞራል። አመሰግናለሁ ልጄ፣ ይህን ማወቄም አንድ ነገር ነው።»

ደስ ያላቸው መሰሉ። ያዘኑም መሰሉ። በማግስቱ ወደ ቡሬ ከመመለሳቸው በፊት እንደሚወስዷት ነግረውኝ፣ ለሽቦው ልባስ እንድሠራለት እኔ ዘንድ ትተዋት ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ በሩን ገርበብ አድርጌ ልባሱን ስጨርስ፣ አጎቴ እንዳስተማረኝ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መሞከር ጀመርሁ። አንድ፣ በራች። ሁለት፣ ምንም የለም። እንደገና ሁለት፤ አሁንም የለም። ጠበቅ አድርጌ ስጫናት በራች። ቀለል አድርጌ ስነካት ጠፋች። በአርባ ዓመት ሥሯ ዝጎ ይሆናል ብዬ ከፍቼ አየሁት። ዝገት የለም። ከሥሯ ያለችው ስስ ብረት ከመጀመሪያው በትክክል አልተቀመጠችም፤ ከሌሎቹ ዝቅ ብላለች።

ያን ጊዜ ጠዋት የተጫንኋቸው ቁጥሮች ትዝ አሉኝ። ሁለት መቶ ሰባ ብዬ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ስለነበርን የጻፈችውን አላየሁም። አሁን በጥላ፣ ጠዋት እንደነካኋት ቀለል አድርጌ ነካሁ። ሰባ። መልሱ መቶ ሰማንያ ሰባት። ጠበቅ አድርጌ ደገምሁ። ሁለት መቶ ሰባ። መልሱ ሁለት መቶ አምስት።

ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት። ሁለት መቶ ሰባ ምዕራብ ነው። ሰባ ደግሞ ወደ ምሥራቅ የተጠጋ ነው። ማስሊያዋ ነፋሱ ከተቃራኒው ወገን እንደሚመጣ ነው የተነገራት፤ እሷም በዚያው አስልታ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ግራ አዙር አለች፤ ወደ ቀኝ መዞር ሲገባት። እውነተኛው ነፋስም ወደ ግራ ይገፋት ነበር። ሒሳብ ብዙ አላውቅም፤ ይህን ግን ለማየት ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ዝም ማለት ነበር። ሽማግሌው ነፋሱን ወቅሰው አርባ ዓመት ኖረዋል። አሁን እኔ ተነሥቼ «ነፋሱ አልነበረም፤ ማሽኗ የጻፈችውን ሳያዩ ነው የተነሡት» ልላቸው ነው? ዓይናቸው ሊጠፋ አንድ ዓመት ለቀራቸው ሰው? ደግሞስ ጠዋት እኔ ራሴ ተሳስቼ መቶ ሰማንያ ሰባት ብያቸዋለሁ፤ ልጅቷ ሥራዋን አታውቅም ይሉኛል። ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ። ልባሱን አልብሼ፣ ማስሊያዋን በመሐረቡ ጠቅልዬ ብሰጣቸው የሚያውቅብኝ የለም። በዚህ ሐሳብ ስገላበጥ እንቅልፍ የሚባል ሳይነካኝ ነጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ሲመጡ መሐረቡን እጃቸው ላይ አኖርሁና አልለቅሁትም።

«ጋሼ፣ ትናንት አንድ ነገር ተሳስቻለሁ» አልሁ።

«ምን ተሳሳትሽ?»

«ቁጥር ሁለት አልገባችም ነበር። ማሽኗ ሰባ ነው የሰማች። በትክክል ሲገባላት ሁለት መቶ አምስት ትላለች።»

 ከአጠገባችን ጋሪ አለፈ፣ ባጃጅ አለፈ። ፊታቸውን ደፍሬ ማየት ስላልቻልሁ እጃቸውን አየሁ። ጣታቸው በመሐረቡ ላይ ሆኖ በጣም ቀስ ብሎ ቁልፍ ይጫናል፤ ሁለት፣ ሰባት፣ ዜሮ።

«ከመቶ ዘጠና አምስት ወደ መቶ ሰማንያ ሰባት» አሉ በመጨረሻ። «ወደ ግራ ማለት ነው። ነፋሱ ከቀኝ እየመጣ እኔ ወደ ግራ። ይህን ጀማሪ ያየዋል።»

«ቁልፏ ናት እኮ ጋሼ፤ ከመጀመሪያውም ልክ አልነበረችም።»

«ቁልፏ ሁለትን በላች። እሷ የጻፈችውን ማንበብ ግን የኔ ሥራ ነበር። ፀሐይ ነው ብዬ፣ ማሽን አይሳሳትም ብዬ ሳላነብ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላም ደብተሩን ገልጬ ማየት አልወድም ነበር።» ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ነፋሱን ስወቅሰው ኖርሁ። ምስኪን ነፋስ።»

ያለቀሱ መስሎኝ ቀና ብዬ ሳይ እየሳቁ ነው። ሳቃቸው ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በድንገት ቀጥ አሉ።

«አትክልት» አሉኝ፤ በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። «ስልክሽ ላይ ካርታ አለ?»

ወረቀት አምጥቼ እሳቸው ሲነግሩኝ መሥመር አሰመርሁ። አውሮፕላኗ የሄደችበትን ግማሽ ሰዓት፣ ነፋሱ በግማሽ ሰዓት የገፋትን፣ ሁለቱን አጋጥመን በስልኬ ካርታ ላይ ለካን። የመሥመሩ ጫፍ ቡሬ አልደረሰም። ወደ ምሥራቅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጅጋ በስተ ሰሜን አሥር አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ አረፈ። እሳቸው ሁለት ጊዜ የፈለጉት በሌላው ወገን ነበር።

«ጅጋ እኮ ቅርብ ናት» አልሁ።

«አንቺ ሥራ የለሽም?»

በሩን ቆለፍሁት።

ጅጋ በሚኒባስ ደረስን። ገበያ ነበርና ከየገጠሩ በእግሩ የመጣ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። አንዲት ባለ ሱቅ ዘንድ ገብቼ፣ ከከተማው በላይ ባለው አገር ድሮ አውሮፕላን ወድቆ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። እሷ ሳትመልስልኝ ጨው የሚገዛ አንድ ገበሬ ዞረ።

«አይሮፕላን ሜዳን ነው የምትይ?»

«እንደዚያ የሚባል ቦታ አለ?»

«የእኛ አገር ነው። ከብት እናሰማራበታለን።»

«አይሮፕላን ወርዶበት ነው ስሙ?»

«እኔ ያን ጊዜ አልተወለድሁም። የቆርቆሮዋ ስባሪ ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ አለች፤ እንደ ደወል ይመቷታል። ምነው፣ ምን ፈለጋችሁ?»

ጋሽ ዓለማየሁ የሱቁን ግድግዳ ተደገፉ።  እኔ ነኝ የመለስሁ፤ «እኚህ ናቸው የወረዱት» አልሁት።

ገበሬው ሙጨ ይባላል። ጨውን ትከሻው ላይ አድርጎ አብሮን ተነሣ። ጠጠሩ መንገድ እስኪያልቅ በባጃጅ ሄድን፤ ከዚያ ለጋሽ ዓለማየሁ ፈረስ ተዋሰላቸው። ጥር ስለነበር መንገዱ ደርቋል፣ እህሉ ተሰብስቧል። ሜዳው ላይ ስንደርስ እንድናወርዳቸው ጠየቁን። በከዘራቸው መሬቱን እየነኩ ሄደው አንድ ቦይ ዳር ቆሙ። «ወንዙ በቀኜ ነበር» አሉ። ወንዙ በቀኛቸው ነበር።

ሙጨ ወደ አንድ ግቢ ወሰደን። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ሴት ጌሾ ፀሐይ ላይ እያሰጡ ነበር። ወይዘሮ እናኑ ይባላሉ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው «ቤት ለእንግዳ፣ ግቡ» አሉን።

ጋሽ ዓለማየሁ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እመቤቴ፣ እዚህ ሜዳ ላይ ድሮ የወደቀውን አውሮፕላን ያስታውሱታል?»

ሴትዮዋ ፊታቸው ተለወጠ። «እንዴት አላስታውስ። ልጁ ሞተ እኮ።»

«የትኛው ልጅ?»

«የሚያበረው። ወልደ ሰንበት።»

አንባቢዎቼ፣ ወልደ ሰንበት የጋሽ ዓለማየሁ የክርስትና ስም ነው። ያን ቀን የተሸከሟቸው ሰዎች ሕይወታቸው ያልፍ ይሆናል ብለው በቃሬዛው ላይ ሳሉ ጠይቀዋቸው ነበር፤ የሞቱ እንደሆነ በስማቸው ጸሎት እንዲደረግላቸው። እሳቸው መናገራቸውን እንኳ አያስታውሱትም።

«ወልደ ሰንበት እኔ ነኝ» አሉ።

ወይዘሮ እናኑ አላመኑም። ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉና የቀኝ ጉልበታቸውን በሱሪው ላይ ዳሰሱት። አጥንቱ የተጣመመበትን ቦታ ጣታቸው አገኘው። ቀና ሲሉ «እርስዎ» ማለት ቀርቶ ነበር።

«አንተ ነህ? አልሞትህም?»

«አልሞትሁም።»

«እኔ እኮ ያን ነጂ በየገበያው ጠየቅሁት። ሆስፒታል ትቼው ሄድሁ፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም አለኝ፤ እኛም ሞተ አልን። ታዲያ አርባ ዓመት ሙሉ የት ሆነህ ነው?»

«ቡሬ» አሉ ጋሽ ዓለማየሁ።

«ቡሬ?» አሉ ሴትዮዋ። ቡሬ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። «ቡሬ ሆኖ ሰው ይጠፋል?»

ጋሽ ዓለማየሁ ወደ ብርሃኑ እንዲቆሙላቸው ለመኗቸው። ጭንቅላታቸውን ቀስ እያደረጉ እያዞሩ የሴትዮዋን ግንባር፣ ከዚያ ዓይናቸውን፣ ከዚያ አገጫቸውን አዩ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ሴትዮዋም ሳይነቃነቁ ቆሙላቸው። እኔና ሙጨ ጌሾውን እንደምናይ መሰልን።

ወሬው ሲሰማ አገሩ መጣ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ፣ የወይዘሮ እናኑ ወንድም አቶ አንለይ፣ «ከባድ ነበርህ» ብለው ብቻ ሳሟቸው። የደብሩ ቄስም መጡ። እሳቸውም፣ ወይዘሮ እናኑ በየዓመቱ በሰኔ ዳቦ ይዘው ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ የወልደ ሰንበትን ሙት ዓመት እንደሚያስቡ፣ ስሙም ከሙታኑ ጋር እንደሚነሣ ነገሩን። ከዚያ ጋሽ ዓለማየሁ እንዴት እንደጠፉና እንዴት እንደተገኙ፣ ማስሊያዋንም፣ የጠፋችውንም ሁለት ከእኛ በዝርዝር ሰሙ። ቄሱ ጢማቸውን እየዳሰሱ ትንሽ አሰቡ።

«እኛ በየዓመቱ ነፍስ ይማር ስንል ኖርን» አሉ። «ለካ ተሰምቶልናል፤ ነፍስዎ አርባ ዓመት ሙሉ ሒሳብ ስትማር ኖራለች።»

ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ጋሽ ዓለማየሁ ነበሩ። የዚያን ዕለት አልለቀቁንም፤ ሁለታችንም እዚያው አደርን። እሑድ አዲስ አበባ መድረስ የነበረብኝ ሰዓት ሲያልፍ እኔ ከወይዘሮ እናኑ ጋር ጌሾ እሰበስብ ነበር። ለደላላው ደውዬ እንደማልመጣ ስነግረው ሁለት ጊዜ «ለምን?» አለኝ። ምን ብዬ እንደማስረዳው ስላላወቅሁ «ሥራ አገኘሁ» አልሁት። ውሸትም አልነበረም፤ ሥራዬን ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ አሳጥሬ ልንገራችሁ። ሱቄን አልዘጋሁም። ጋሽ ዓለማየሁ ለሰው ሁሉ ስለሚያወሩ ከቡሬ ድረስ ራዲዮና ቴፕ እየያዙ «ጠጋኟ የታለች?» የሚሉኝ መጡ። ማታ ማታ ተማርሁ፤ ቀጥሎም የሕክምና መሣሪያ ጥገና ተምሬ ተመረቅሁ። ዛሬ የምጠግናቸው መሣሪያዎች የሰው ትንፋሽና የልብ ምት የሚቆጥሩ ናቸው። አንዱን ጠግኜ ከመመለሴ በፊት እያንዳንዷን ቁልፍ ጠበቅም ቀለልም አድርጌ እነካለሁ፤ የጻፈችውንም በጥላ አነባለሁ። ባልደረቦቼ «አንቺ ደግሞ አታምኚም» ይሉኛል። ማሽን የሚመልሰው የሰማውን መሆኑን ስለማውቅ ነው፤ እኛ ያልነውን መስማቱን ማየት የኛ ፈንታ ነው።

የጋሽ ዓለማየሁ ዓይን ሐኪሙ ካለው ትንሽ ዘግይቶ ጠፋ። ሲጠፋ እንዳሰብሁት አልከፋቸውም። ማየት የፈለግሁትን አይቻለሁ ይላሉ። በበጋ ወራት ወይዘሮ እናኑ ዘንድ ይሰነብታሉ፤ ሴትዮዋም ለእንግዳ ሁሉ ሲያስተዋውቋቸው «ይህ የኛ ሟች ነው» ይላሉ።

እናንተም ለሰው መንገር የሚገባችሁን ነገር በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ብትጠቀልሉት ማንም እንደማያውቅባችሁ እያሰባችሁ ያደራችሁበት ጊዜ ይኖር ይሆናል። ያን ቅዳሜ ጠዋት ዝም ብል ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር። ሽማግሌው አመስግነውኝ ወደ ቡሬ ይመለሳሉ፣ እኔም በማግስቱ እሄዳለሁ። ወይዘሮ እናኑ ግን ሰኔ ሲገባ፣ አምስት ሰዓት እንኳ በማይሞላ መንገድ ላይ ለሚኖር ሰው፣ እንደ ሙት ዳቦ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።

ባለፈውም ሰኔ ይዘው ሄደዋል። ልማዱን መተው አልወደዱም። ዳቦውን የቆረሱት ጋሽ ዓለማየሁ ናቸው፤ ለእኔም ትልቁን ቁራሽ አደረሱኝ።